የጣናን ዳርቻ ለዳርቻው ሰው ስጡት፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የጣና ሐይቅ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ የክልልና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም በሐይቁ ዙሪያ ላላችሁ የወረዳና የቀበሌ አስተዳደሮች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሐይቁ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ ዳርቻውን በጋራ የሚጠብቅበትና የሚጠቀምበት ሕጋዊ መብት እንዲሰጠው ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ባለፈው ጥር ፎገራ፣ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጠዋት ከብቶቹን ነድተን፣ ውሃው ሸሽቶ የተወውን ጭቃ እየረገጥን ስንሄድ አጎቴ ድንገት ቆም ብለው ጎንበስ አሉና ከጭቃው አንድ ነገር በሁለት ጣታቸው ነቅለው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ሣር የሚመስል፣ ሦስት ቀጫጭን ቅጠል ያወጣ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ቡቃያ ነው።

«ይኸውልህ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚመጣለት ይኼ ነው» አሉኝ።

እምቦጭ ነበር። እኔ የማውቀው እምቦጭ ወገብ የሚደርሰውን፣ ሐምራዊ አበባ ያለውን፣ ሐይቁን ሜዳ የሚያስመስለውን ነው። ጨቅላውን አይቼው አላውቅም ነበር። ከብቶቹ ውሃ እስኪጠጡ አጎቴ እያጎነበሱ ለቀሙ፤ የለቀሙትን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ወስደው ደረቅ መሬት ላይ ፀሐይ እንዲመታው በተኑት። አቦል ተቀድቶ እስኪጠጣ ያህል ጊዜ ቢፈጅ ነው።

«ታዲያ ለምን ከዚያ ወዲያ ያለውንም አይለቅሙትም?» አልኳቸው። ከእሳቸው ማሳ ቀጥሎ ባለው ጭቃ ላይ በርከት ብሎ ይታየኝ ነበር።

«የእኔን እለቅማለሁ፣ ልጄ። የዚያኛው የማን እንደሆነ እንጃ።»

ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ይህች «እንጃ» ናት።

ጣና በዓመት አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይጎድላል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት፣ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ እስከ ሰኔ እየወረደ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ገደል ባለበት ዳርቻ ይህ ምንም አይደለም። እንደ ፎገራና እንደ ደንቢያ ባለ ድፍን ሜዳ ላይ ግን ውሃው በብዙ መቶ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። የሸሸበትን መሬት እኛ ባህር ሸሽ እንለዋለን። ደለል የጠጣ፣ እርጥበቱ የማይለቀው፣ ለም መሬት ነው። ጓያና ሽንብራ ይዘራበታል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ሞተር ያለው ደግሞ ውሃ ስቦ ሽንኩርት ያለማበታል።

የእምቦጭም መደብ ይኸው መሬት ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት መቆየት ይችላል። ውሃው ሲሸሽና ጭቃው ፀሐይ ሲያገኝ ይበቅላል። ሐምሌ ላይ ሐይቁ ተመልሶ ሲመጣ ቡቃያውን ከጭቃው አላቅቆ ያንሳፍፈዋል። ከዚያ በኋላ ዘርም አያሻው፤ ከጎኑ ልጅ እያወጣ፣ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ነፋስ እየገፋ ያገጣጥመዋል። ጥቅምት ሲደርስ በቴሌቪዥን የምናየው አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ይጠብቀናል።

እንግዲህ ጥር ላይ አንድ ሽማግሌ በሁለት ጣት የነቀሉት፣ ጥቅምት ላይ ሃምሳ ጎረምሳ በገመድ የሚጎትተው ነው። የእኛ ዘመቻ ደግሞ ሁልጊዜ የሚታወጀው በጥቅምት ነው።

ዘመቻውን ላጣጥል አይደለም፤ እኔም ነበርኩበት። እምቦጭ ጣና ላይ መግባቱ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ለብቻቸው የታገሉት የመገጭ ወንዝ አፍና የሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ገበሬዎች ናቸው። በኋላ አገር ሰማ። በ2010 ዓ.ም. ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እየተጫነ የመጣ ወጣት አይቻለሁ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ላይ የተጀመረው የአንድ ወር ዘመቻ ካየኋቸው ሁሉ ትልቁ ነበር። ያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ቆሞ የሚሠራውን ሰው ላየ፣ ይህ ሕዝብ ሐይቁን አይወድም ማለት አይችልም።

ውሃ ውስጥ ቆሞ እምቦጭ መንቀልን ያልሞከረ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ላዩ ያብረቀርቃል። ሥሩ ግን እንደ ጥቁር ጢም ተንዠርግጎ ደለል ተሸክሟል። አንዱን ስትስበው አምስቱ ተያይዘው ይመጣሉ፤ ከታቸው የታፈነ ሽታ ይወጣል። አልቅት ባት ላይ ትጣበቃለች፤ ነቅለህ ስትጥላት ደሙ ቶሎ አይቆምም። ቡትስ ያለው ጥቂት ሰው ነው፤ ያለውም ውሃው በቡትሱ አፍ ሲገባበት አውልቆ ዳር ይወረውረዋል። በመንሽ የሚያነሣ አለ፣ በገመድ ከብቦ የሚጎትት አለ። ዳር ላይ ሴቶቹ በቅርጫት ይቀባበላሉ። ማታ ላይ የተከመረው ክምር ጎጆ ቤት ያህላል፤ ከዚያ ውስጥ 95 በመቶው ያህል ውሃ መሆኑን ስታስበው ወገብህ የባሰ ያምሃል።

ያ ክምር የት ገባ? እኔ በቆምኩበት ቦታ፣ ያሰማራን መሥሪያ ቤት «ይነሣል» ብሎን ሄደ። አልተነሣም። ከፊሉ ደረቀ፣ ከፊሉ በሰበሰ። በሚቀጥለው ክረምት ሐይቁ እስከ ክምሩ ድረስ መጥቶ ዘሩንም ጭማቂውንም መልሶ ወሰደው። ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ዘመቻው አለቀ፣ አበሉ ተወራረደ፣ መኪናው ተመለሰ። ቲሸርቱ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

ስለ ማሽኖቹም ብዙ ተባለ፤ አልመለስበትም። አንድ ነገር ብቻ፦ ማሽን ለመንሳፈፍ ጥልቀት ያለው ውሃ ይፈልጋል፣ እምቦጩ የሚፈለፈለው ግን ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር። ዳር ላይ የሚኖር አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ሌላው ነገር፣ እምቦጭ የሚበላው ካጣ አይፋፋም። የሚያበላው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በወንዝ ወደ ጣና ከሚገባው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፦ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። ነሐሴ ላይ የጉማራ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው የሚያየው ውሃ አይደለም፤ የአንድ ሰው ማሳ እየፈሰሰ ሲሄድ ነው የሚያየው። ከአፈሩ ጋር ማዳበሪያው አለ። ከተሞቹም የድርሻቸውን ይጨምራሉ፤ ባሕር ዳር ሐይቁ አፋፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጎንደር ደግሞ በመገጭ በኩል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቀቱ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ፣ ቢበዛም 15 ሜትር አይሞላም። ጋን አይደለም፣ ሰፌድ ነው። የገባበት ሁሉ ላዩ ላይ ይቀራል።

ድሮ በወንዙና በሐይቁ መካከል፣ በማሳውና በውሃው መካከል፣ ደንገል ነበር። ደንገልን ብዙ ሰው የሚያውቀው በታንኳ ነው፤ ከደንገል ተሠርቶ፣ እንጨትም ሰውም ጭኖ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውሃ ጠጥቶ የሚጣል ታንኳ። ታንኳውን ሲሠሩ፣ ዓሣውንም ሲያጠምዱበት የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገልን ከማንም በላይ ያውቁታል። ደንገል ግን ከታንኳም የበለጠ ሥራ አለው። ጥቅጥቅ ብሎ የቆመበት ቦታ ላይ ደፍራሽ ውሃ በአንድ ጎኑ ገብቶ ሲዘገይ፣ ደለሉ ከሥር ይቀራል፤ ማዳበሪያውንም ራሱ ተክሉ ይበላዋል። ዓሣ ጫጩቶቹን እዚያ ይደብቃል። ማዕበሉም ዳርቻውን እንዳይበላው ይይዘዋል። ግንዱ ቢታጨድ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። የሚያልቀው ሲቃጠልና ሲታረስ ነው።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ካለፍኩ ሐቀኛ አልሆንም። ያቃጠልነውም ያረስነውም እኛው ነን። የአጎቴ ማሳ ራሱ ድሮ ደንገል ነበር። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ባለው በጨረጨራ ግድብ በኩል ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀውም ውሃ ተጨምሮበት ሐይቁ እጅግ ወርዶ ነበር፤ ጀልባ ሳይቀር የቆመበት ዓመት ነው። ደንገሉ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። አንዱ ጎረቤት እሳት ለቀቀበት፣ ሌላው ጥማድ አስገባ፤ አጎቴም «እኔ ብተወው ሌላው ያርሰዋል» ብለው ገቡ። ልክ ነበሩ፤ ሌላው ያርሰው ነበር። ከዚያ ወዲያ የሸሸርና የዋላላ ረግረግም በሞተር እየተመጠጠና በእርሻ እየተበላ ሲያንስ፣ የአውሮፓን ብርድ ሽሽት እዚያ የሚከርሙት ወፎች ሲያንሱ፣ ምክንያቱ ያው ነው። ባህር ሸሽ በአጎቴ የይዞታ ደብተር ላይ የለም። በማንም ደብተር ላይ ያልተጻፈ መሬት ቀድሞ ለደረሰ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ደስ ብሎኛል። ካርታ አለው፣ በካርታው ላይ በቀለም የተለየ ክልል አለው። አጎቴን ስለ ካርታው ስጠይቃቸው አልሰሙም። ድንበሩ በእሳቸው ማሳ ውስጥ ያልፍ እንደሆነ እኔም ልነግራቸው አልቻልኩም።

ክቡራን፣ የምጠይቃችሁ ነገር አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ውሃ ዳር የሚኖሩ ሌሎች ድሆች ሞክረውታል። ማዳጋስካር፣ በደቡብ ምዕራብ ባሕሯ ዳር፣ አንዳቫዱአካ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበትን አንድ ቦታ ብቻ መርጠው ለጥቂት ወራት ማንም እንዳይነካው ተስማሙ። ሲከፍቱት ያገኙት ኦክቶፐስ ትልልቅ ነበር። ጎረቤት መንደሮች ይህን አይተው እነሱም መዝጋት ጀመሩ፤ ቀስ በቀስ ተባብረው ቬሎንድሪያኬ የሚባል፣ በራሳቸው ደንብ የሚተዳደር የባሕር ክልል አቋቋሙ። ትርጉሙ «ከባሕር ጋር መኖር» ማለት ነው። እዚያ መጀመሪያ የመጣው ካርታ አልነበረም። መጀመሪያ ሰዎቹ አንድ ቦታን «የእኛ ነው» አሉ፣ ቀጥሎ ጥቅሙን በዓይናቸው አዩ፣ ሕጉ ከኋላ ተከተለ።

ኬንያ ውስጥ በጋዚ የባሕር ወሽመጥ ያሉ መንደሮች ደግሞ ጨው ውሃ ውስጥ የሚቆመውን የማንግሮቭ ደን ይጠብቃሉ፣ የተመናመነውንም ይተክላሉ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደኑ የሚይዘውን ካርቦን እየሸጡ ገንዘቡን ለመጠጥ ውሃና ለትምህርት ቤት አውለውታል። ሚኮኮ ፓሞጃ ይሉታል፤ ማንግሮቭ በጋራ እንደማለት ነው። እኛ ማንግሮቭ የለንም። ደንገል አለን፤ እሱም ሥር ያለው፣ ካርቦን የሚይዝ ነው። በካርቦን ሽያጭ ነገ ሀብታም እንሆናለን እያልኩ አይደለም፤ ይህን ተስፋ በየስብሰባው የሚሸጡ ሰዎች ስላሉ እጠነቀቃለሁ። የጋዚ ነገር የሚገርመኝ ሌላ ነው። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው የመንደሩ ሰው ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው፤ እዚያም እምቦጭ አለና። ኬንያ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በየዓሣ ማራገፊያው ያሉ አጥማጆች፣ ነጋዴዎችና ጀልባ ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የራሳቸውን ዳርቻ እንዲያስተዳድሩ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠቻቸው። ሁሉም ማኅበር ጥሩ ይሠራል ማለቴ አይደለም፤ ሙስናውም ጭቅጭቁም እንዳለ ይነገራል። ቢያንስ ግን «ይህ ዳርቻ የማን ነው?» ሲባል መልስ የሚሰጥ አለ።

ከራሳችን አገርም ሐረማያ አለ። ሐረርን ያጠጣ የነበረ ሐይቅ፣ በደለልና በሞተር ተመጥጦ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ቀረ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ውሃ መልሶ ሲይዝ ያየ ሰው ሐይቅ እንደሚሞትም እንደሚመለስም ያውቃል። ጣና ሐረማያ አይደለም፣ እጅግ ይሰፋል። ዳርቻው ግን እንደ ሐረማያ ነው የሚሞተው፤ ሞተር በሞተር፣ ማሳ በማሳ።

የምንጠይቀው ይህን ነው። በእያንዳንዱ የዳርቻ ቀበሌ፣ ሐይቁ ሞልቶ ከሚደርስበት መስመር እስከሚሸሽበት ድረስ ያለው መሬት ለዚያ ቀበሌ የዳርቻ ማኅበር በጋራ ይዞታነት ይሰጥ። ለግለሰብ አይደለም፣ ለማኅበሩ። ድንበሩ ከሽማግሌዎች ጋር ተዞሮ፣ ችካል ተተክሎ ይለይ። የማኅበሩ ደብተር ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፦ ማኅበሩ ሣሩን፣ ቄጤማውንና ደንገሉን እያጨደ መጠቀምና መሸጥ ይችላል፤ ማረስ፣ ማቃጠልና ሞተር መትከል ግን አይችልም፤ ካደረገ ይዞታውን ያጣል። ቄጤማ በየበዓሉ ይሸጣል፣ የታጨደ ሣር በበጋ ገንዘብ ነው፣ ደንገልም ገዢ አለው። ማኅበሩ ከኅዳር እስከ ግንቦት ጭቃውን እየዞረ የእምቦጭ ቡቃያ ይልቀም። ለዚህ ሥራ አበል አንጠይቅም። ወንፈል የምናውቅ ሰዎች ነን። የምንጠይቀው «የማን እንደሆነ እንጃ» የሚለው እንዲቀር ነው። ማኅበሩ ሲቋቋም የነገደ ወይጦ ሰዎች ከዳር ቆመው የሚያዩ እንዳይሆኑም በደንቡ ይግባ፤ ዳርቻው ሲከፋፈል ሁልጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

«ለሕዝብ ከተሰጠ ሕዝቡ ያርሰዋል» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ በስብሰባ ላይ ሲባል ሰምቻለሁ። አሁንስ እየታረሰ አይደለም እንዴ? አንድ የቀበሌ ጸሐፊና አንድ የግብርና ባለሙያ የሐይቁን ዳርቻ ዞረው ሊጠብቁት አይችሉም። ጎረቤት ጎረቤቱን ነው የሚጠብቀው።

በዚህ ነገር የሚጎዳ ሰው ይኖራል። እሱን ካልተናገርኩ ደብዳቤዬ ግማሽ ነው። ሞተር ይዘው ባህር ሸሽ ላይ ሽንኩርት የሚያለሙት አብዛኞቹ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ናቸው። የአክስቴ ልጅ አንዱ ነው። «ከዚህ ውጣ» ብቻ ብትሉት አይወጣም፣ ቢወጣም ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዶ ይተክላል። ከርብ ግድብ በታች ያለው የመስኖ መሬት ሲደለደል ከዳርቻው ለሚነሡ ወጣቶች ቅድሚያ ይሰጥ። ይህ የማኅበሩ አቅም አይደለም፤ የእናንተ ነው።

ስለ ዓሣው ትንሽ። ጣና ውስጥ ያለው ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት አይደለም፤ 15 ያህል ዝርያ ነው፣ አብዛኛው በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ። ብዙዎቹ ክረምት ላይ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሽቅብ ይወጣሉ። ሲሰባሰቡ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ያመለጡትን ከላይ በብርብራ ዱቄት የሚያደነዝዝ አለ። እንቁላል የያዘችን ዓሣ ደጃፏ ላይ ቆሞ ማጥመድ ዘር እህልን ቆልቶ እንደመብላት ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጁን ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ የሚያስከብር ሰው ግን አላየሁም። የወንዝ አፍ ያለባቸው ማኅበራት ከአጥማጆቹ ጋር ተስማምተው እነዚያን ወራት ይዝጉ። ነጭ ዓሣ እንደ ኦክቶፐስ በጥቂት ወር አያድግም፤ ውጤቱን ለማየት ዓመታት መጠበቅ ግድ ነው። ለዚህ ነው በየምርጫው ከሚቀያየር ኮሚቴ ይልቅ ልጁም እዚያው ለሚያጠምድ ሰው መሰጠት ያለበት።

እኛ የማንችለውም ብዙ ነው። የሐይቁን ከፍታ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ጨረጨራ ላይም፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዋሻ ወደ በለስ የኃይል ማመንጫ በሚወርደው ውሃም። ስንት ውሃ እንደሚለቀቅ ስትወስኑ ደንገሉ ሥሩ እስከ የት ድረስ ውሃ ውስጥ መቆየት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ስብሰባው ላይ ይኑር። የከተሞቹን ፍሳሽ የምታጣሩት እናንተ ናችሁ። በደጋው ላይ እርከን የሚሠራውም በእናንተ ዕቅድ ነው። እምቦጭን እየበላ የሚያደክመውን፣ በኡጋንዳ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተለቀቀውን ነቀዝ መሰል ጥንዚዛ ጣና ላይ መልቀቅ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውንም ባለሙያዎቻችሁ ይወስኑ፤ የወሰኑትን ግን በአማርኛ ንገሩን።

«አሁን ያለንበት ጊዜ ለሐይቅ የሚታሰብበት አይደለም» የሚለኝም አይጠፋም። ጊዜው ከባድ እንደሆነ ዳርቻው ላይ ያለ ሰው አይነገረውም፤ ይኖረዋል። የእምቦጭ ዘር ግን ሰላም እስኪመጣ አይጠብቅም። ደግሞ ይህ ሥራ መኪና አይፈልግ፣ አጃቢ አይፈልግ፣ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ቀበሌ መሄድ አይፈልግ። ሰው በገዛ ደጁ ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ነው።

በአንድ ጊዜ ዙሪያውን በሙሉ ጀምሩ አንልም። ለሚመጣው በጋ ጥቂት ቀበሌዎችን ምረጡ። አንዱ የወንዝ አፍ ያለበት ይሁን፣ አንዱ ደንገል የቀረለት፣ አንዱ ፈጽሞ የተራቆተ። ኅዳር ከመግባቱ በፊት ደብተሩን ስጡ፤ ውሃው ከሸሸ በኋላ የሚመጣ ደብተር ለሚቀጥለው ዓመት ነው። ሰኔ ላይ መጥታችሁ ጭቃውን ከኛ ጋር ዙሩ፤ ማኅበር ያለበትንና የሌለበትን ጎን ለጎን እዩ። ልዩነት ከሌለው ይዞታውን መልሳችሁ ውሰዱት።

መልሳችሁን፣ «አይሆንም» እንኳ ቢሆን፣ በየዳርቻው ቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። አጎቴ መሠረተ ትምህርት ተምረዋል፤ ገበያ ሲሄዱ ቆመው ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ፎገራ ተወልዶ ባሕር ዳር የሚኖር